ከሰንሰለት ወደ መኝታ ቤት፦ በጃፓን ውሻ እንዴት ቤተሰብ ሆነ

ኖቬምበር በገባ ቁጥር የጃፓን የሺንቶ መቅደሶች ደጃፍ በልጆች ይደምቃል። ሦስት፣ አምስትና ሰባት ዓመት የሞላቸው ሕፃናት ኪሞኖ ለብሰው፣ ከእናት ከአባታቸው ጋር፣ እስከዚህ በደህና ስለደረሱ ለማመስገንና ለወደፊቱም ለመመረቅ ይመጣሉ። በዓሉ ሺቺ-ጎ-ሳን ይባላል። በቶኪዮ ሺንጁኩ ውስጥ ወደሚገኘው ኢቺጋያ ካሜጋኦካ ሃቺማን መቅደስ የሚመጡት ግን ሕፃናት ብቻ አይደሉም። ፑድል፣ ችዋዋና ሺባ ውሾች በልካቸው የተሰፋ ኪሞኖ ለብሰው፣ ገሚሱ ታቅፎ፣ ገሚሱ በጋሪ እየተገፋ ደረጃውን ይወጣል። ካህኑ ለእነሱም ጸሎት ያደርሳል፤ ለውሻ አንገት የሚሆን ክታብም አለ። ባለቤቶቹ በዚህ አይቀልዱም። ፎቶ ያነሳሉ፣ ስእለታቸውን ይከፍላሉ፣ በሚቀጥለው ዓመትም ይመለሳሉ።

ይህን የሚዘግቡ ጋዜጦች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ማብራሪያ ያስከትላሉ፦ ጃፓን መውለድ ትታ በልጅ ፋንታ ውሻ ይዛለች የሚል። ለማመን የሚያስቸኩል ማብራሪያ ነው። በ2023 የተወለዱት ሕፃናት 727 ሺህ ገደማ ብቻ ነበሩ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያው ዓመት ከ15 ዓመት በታች ያሉት ልጆች 14.35 ሚሊዮን ሲሆኑ፣ በየቤቱ ያሉት ውሾችና ድመቶች ተደምረው 16 ሚሊዮን ይጠጋሉ። ድመቶቹን ለይቶ ውሾቹን ብቻ ለቆጠረ ሰው ግን ታሪኩ ይገለበጣል። የአገሪቱ የእንስሳት ምግብ ማኅበር በየዓመቱ በሚያወጣው ግምት መሠረት፣ በ2008 ከ13 ሚሊዮን በላይ የነበሩት ውሾች በ2023 ወደ 6.8 ሚሊዮን ወርደዋል። ልጅ ሲቀንስ ውሻም ቀንሷል፤ ያውም ከልጆቹ በበለጠ ፍጥነት። ውሻ የልጅ ምትክ ቢሆን ኖሮ በእነዚህ 15 ዓመታት መብዛት ነበረበት።

የተለወጠው የውሻው ማዕረግ ነው። ግቢ ውስጥ ታስሮ ትርፍራፊ ይበላ የነበረው እንስሳ ቤት ገባ፤ ቤት ሲገባም ወጪው፣ ሕመሙ፣ እርጅናውና ቀብሩ የቤተሰብ ወጪ፣ ሕመም፣ እርጅናና ቀብር ሆኑ። ይህን ሁሉ መሸከም የሚችል ቤት ደግሞ እያነሰ ሄደ። ፍቅሩ ጨመረ፣ አፍቃሪው ግን ቀነሰ። በዚህ መሐል ሕጉ፣ ባቡሩ፣ አውሮፕላኑና የአደጋ ጊዜ መጠለያው ከቤተሰቡ ስሜት ኋላ ቀርተዋል።

ጃፓኖች ከጥንት ጀምሮ ውሻ ወዳድ ነበሩ የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። ሾጉን የሚባሉ የጦር አበጋዞች በሚገዙበት በኤዶ ዘመን በከተማ የሚኖር ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ባለቤት አልነበረውም፤ የሰፈሩ ነበር። ሁሉም ያበላዋል፣ ማንም አያስረውም፣ ሌሊት ባዕድ ሲመጣ ይጮኻል። የአዲስ አበባን የሰፈር ውሻ ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ከ1680 እስከ 1709 የገዛው ሾጉን ቶኩጋዋ ጹናዮሺ በውሻ ዓመት የተወለደ ነበር፤ እንስሳትን የሚያሠቃዩትን የሚቀጡ ተከታታይ አዋጆች አውጥቶ «የውሻ ሾጉን» የሚል ቅጽል ስም አትርፏል። በ1695 በናካኖ ግዙፍ የውሻ መጠለያ አሠርቶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ውሾች በከተሜው ግብር ይቀለቡ ጀመር። ሕዝቡ ተማረረ፤ ሾጉኑ እንደሞተም አዋጆቹ ተሻሩ። ለረጅም ጊዜ እንደ እብደት ሲነገር የኖረው ይህ ሕግ ግን የተጣሉ ሕፃናትንና መንገድ ላይ የታመሙ ተጓዦችንም እንደሚጠብቅ የታሪክ አጥኚዎች ያስታውሳሉ። የሺቺ-ጎ-ሳን በዓል ኖቬምበር 15 ቀን የሚውለውም ጹናዮሺ በ1681 ለልጁ ለቶኩማጹ ጤና በዚያ ቀን ስላስጸለየ ነው ይባላል። ልጁ ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተ፤ አባትየውን የሚተካ ወንድ ልጅም አልተገኘም።

በሕዝቡ ዘንድ ግን ውሻ ከሕፃን ጋር ቀድሞም ተያይዞ ነበር። ውሻ ምጥ አይጸናባትም ተብሎ ስለሚታመን፣ ነፍሰ ጡር ሴት በአምስተኛው ወሯ በዘመን መቁጠሪያው «የውሻ ቀን» በሚባለው ዕለት ሆዷን በመቀነት ታስራለች። በቶኪዮ ወደሚገኘው ሱይተንጉ መቅደስ በዚያ ቀን የሄደ ሰው ለመቀነቱ የተሰለፉ ጥንዶችን ያያል፤ ቡችላዋን አጠገቧ ያደረገች የነሐስ ውሻንም ጎብኚዎች ሲዳስሷት ይመለከታል። ወደ ኢሴ መቅደስ ሄዶ መሳለም ያቃተው ሰው ውሻውን በእሱ ፋንታ የላከበት ዘመንም ነበር። ለመንገዱ የሚሆን ገንዘብ በአንገቱ ይታሰርለታል፣ መንገደኛው እየተቀባበለ ያደርሰዋል። በፉኩሺማ ግዛት ሱካጋዋ ከተማ እንዲህ ለጌታው ተስሎ ለተመለሰ ውሻ የቆመ መታሰቢያ ዛሬም አለ። ሆኖም ይህ ሁሉ ውሻን ከሰው ጋር የሚያቆራኝ እምነት እንጂ ውሻን አልጋ ላይ የሚያስተኛ ልማድ አልነበረም።

የሰፈሩ ውሻ ዘመን ያበቃው አገሪቱ ፊቷን ወደ ዘመናዊነት ባዞረችበት በሜጂ ዘመን ነው። የቶኪዮ አስተዳደር በ1873 ባወጣው ደንብ እያንዳንዱ ውሻ የባለቤቱ ስም ያለበት ምልክት በአንገቱ እንዲያደርግ አዘዘ፤ ምልክት የሌለው ይገደላል። የጃፓንን ዘመናዊነት በውሾቿ ታሪክ የጻፈው አሜሪካዊው አሮን ስካቤልንድ እንደሚያሳየው፣ በዚያ ዘመን ከአውሮፓ የመጣ ውሻ የሥልጣኔ ምልክት ሲሆን የአገሩ ውሻ እንደ ኋላ ቀር ተቆጠረ። በ1930ዎቹ ብሔርተኝነቱ ሲበረታ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። አኪታ የተባለው የአገሩ ዝርያ በ1931፣ ሺባ በ1936 የተፈጥሮ ቅርስ ተብለው በመንግሥት ተመዘገቡ።

የሃቺኮን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ የሚያውቀው ግን መሐሉን ነው። በ1923 በአኪታ ግዛት ኦዳቴ የተወለደው ሃቺኮ የቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ የግብርና ፕሮፌሰር የነበሩት የኡዬኖ ሂደሳቡሮ ውሻ ነበር። ፕሮፌሰሩ በሜይ 1925 ሥራ ቦታ ሳሉ በድንገት ሞቱ፤ ውሻው እስከ ማርች 1935 ድረስ ወደ ሺቡያ የባቡር ጣቢያ እየሄደ ጠበቃቸው። ብዙ ጊዜ የሚታለፈው ነገር እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምን ይመስሉ እንደነበር ነው። ሃቺኮ በጣቢያው ሠራተኞችና በአላፊ አግዳሚው የሚባረር፣ የሚመታ፣ እንደ ጎዳና ውሻ የሚታይ እንስሳ ነበር። ሰው ያከበረው በ1932 አሳሂ ጋዜጣ ታሪኩን ካተመው በኋላ ነው። በ1934 እሱ ራሱ በተገኘበት የነሐስ ሐውልቱ ተመረቀ፤ በማግሥቱ ዓመት በሁለተኛ ክፍል የሥነ ምግባር መጽሐፍ ውስጥ ገባ። ሕፃናቱ ከእሱ እንዲማሩ የተፈለገው የተዋለላቸውን አለመርሳትን፣ ታማኝነትን ነበር፤ በዚያ ዘመን ደግሞ የታማኝነት ሁሉ መጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ።

ከዚያ ጦርነቱ ከፋ። በ1944 መጨረሻ መንግሥት ሕዝቡ ውሾቹን እንዲያስረክብ ጠየቀ፤ ቆዳቸው ለወታደር የክረምት ልብስ ይፈለግ ነበር። ልጆች ያሳደጉትን ውሻ በገመድ እየሳቡ ወስደው አስረከቡ። የሃቺኮ ሐውልትም ለብረቱ ሲባል ቀለጠ። ዛሬ በሺቡያ መስቀለኛ መንገድ ሰው የሚቀጣጠርበት ሐውልት በ1948 የመጀመሪያው ቀራጺ ልጅ አንዶ ታኬሺ የሠራው ነው። ታማኝነቱ ይወደስ የነበረ እንስሳ በአሥር ዓመት ውስጥ ቆዳው ሲፈለግ ያየች አገር ናት እንግዲህ ዛሬ ለውሻ ኪሞኖ የምትሰፋው። የውሻ ፍቅር የጃፓን ዘላለማዊ ባሕርይ ነው ለሚል ሰው ይህ በቂ መልስ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ውሻ ጠባቂ ውሻ ነው። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ አብዛኛው ቤት ያለው ትንሽ ግቢ ውስጥ የእንጨት ጎጆ፣ አጭር ሰንሰለት፣ ሚሶ ሾርባ የፈሰሰበት የተረፈ ሩዝ፤ የውሻው ኑሮ ይኸው ነበር። በ1950 የወጣው የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ሕግ ባለቤቶች ውሻቸውን በማዘጋጃ ቤት እንዲያስመዘግቡና በየጊዜው እንዲያስከትቡ አስገደደ፤ ባለቤት የሌለው እየተያዘ ተወገደ። ሰባት ዓመት ብቻ ፈጀ። ከ1957 በኋላ በጃፓን ምድር በእብድ ውሻ በሽታ የተያዘ ውሻ አልታየም፤ ከዚያ ወዲህ የተመዘገቡት ጥቂት ሰዎችም በውጭ አገር ተነክሰው የመጡ ናቸው። ይህ ድል ለውሾቹ ያተረፈው ነገር ከፍተኛ ነው፤ አንድ ቤተሰብ ውሻውን ከሕፃኑ ጎን ለማስተኛት መጀመሪያ መፍራት ማቆም አለበት። ዋጋውም ከባድ ነበር። በ1974 ብቻ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ውሾች በመንግሥት ተቋማት ተገድለዋል።

ሁለተኛው ጠላት የወባ ትንኝ ዘመድ በሆኑ ትንኞች የሚተላለፍ የልብ ትል ነበር። ደጅ የሚያድር ውሻ ብዙውን ጊዜ ዕድሜው ሳይገፋ በዚህ ትል ይሞት ነበር፤ ሃቺኮም በሰውነቱ ውስጥ ነበረበት። በ2011 የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተጠብቆ የቆየውን የውስጥ አካሉን ዳግም መርምረው በልቡና በሳንባው ካንሰርም አግኝተዋል። የልብ ትልን በወር አንዴ በሚሰጥ መድኃኒት መከላከል ያስቻለው አይቨርሜክቲን የተገኘው ደግሞ እዚያው ጃፓን፣ ሺዙኦካ ግዛት ካዋና አካባቢ ሳቶሺ ኦሙራ ከሰበሰቡት አፈር ነው። ኦሙራ በ2015 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። በኢትዮጵያ ወንዝ ዳር በሚኖሩ ገበሬዎች ዘንድ ዓይን የሚያጠፋውን ኦንኮሰርካን ለመከላከል የሚታደለው ሜክቲዛን ይኸው መድኃኒት ነው። የጃፓን ውሻ አማካይ ዕድሜ ዛሬ 14 ዓመት ተኩል አልፏል። አሥራ አራት ዓመት አብሮ የኖረ ፍጡር፣ ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ እየተማረ ሳለ የሚለይ ማለት ነው። ከዝምድናው መጥበቅ ጀርባ ከማንኛውም ፋሽን ይልቅ ይህ የዕድሜ ርዝመት አለ።

ቀጥሎ የቤቱ ዓይነት ተለወጠ። ግቢ ያለው ቤት በአፓርታማ ተተካ፤ አፓርታማው ደግሞ ለረጅም ጊዜ እንስሳ ከልክሎ ኖረ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በቶኪዮ ዙሪያ የሚሠሩ አዳዲስ ሕንፃዎች ውሻ መፍቀድ ሲጀምሩ ወደ ውስጥ የገባው ትንሽ ውሻ ነው፤ መታቀፍ የሚችል፣ በአሳንሰር ውስጥ ጎረቤት የማያስፈራ። ችዋዋ፣ ሚኒየቸር ዳክስሁንድ፣ ከሁሉም በላይ ቶይ ፑድል። የግቢው ሰንሰለት ጠፋ፤ በምትኩ የሽንት ጨርቅ፣ ጋሪ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የጤና መድን መጡ። በ2007 የስልክ ኩባንያው ሶፍትባንክ ባስጀመረው የማስታወቂያ ተከታታይ የአንድ ቤተሰብ አባት ነጭ ውሻ ነበር። ልጆቹን ይቆጣል፣ ሚስቱ ታከብረዋለች፣ ለምን ውሻ እንደሆነ ማንም አያስረዳም። ማስታወቂያው ለዓመታት ተወዳጅ ሆኖ ቆየ።

ወጪውን ማየት እዚህ ላይ ይገባል። ቡችላው በመደብር ሲገዛ ዋጋው በመቶ ሺዎች የን ነው። በዕድሜው ሙሉ የሚጠይቀው ወጪ በእንስሳት ምግብ ማኅበሩ ግምት ወደ 2.5 ሚሊዮን የን ይደርሳል። የሰው የጤና መድን እንስሳን አይሸፍንም፤ የሐኪሙም ክፍያ ወጥ ተመን የለውም። ውሻ ደግሞ እንደ ድመት አይደለም፤ ጠዋትና ማታ መውጣት ይፈልጋል። ባልና ሚስት አምሽተው ከሥራ በሚመለሱበት፣ ከሦስት ቤት ከአንዱ በላይ አንድ ሰው ብቻ በሚኖርበት፣ ሽማግሌው ጉልበቱን በሚያመው አገር ይህን ቃል መግባት ከባድ ነው። ድመቶች ከ2017 ጀምሮ ውሾችን በቁጥር የበለጡት በዚህ ምክንያት ነው። ልጅ እንዳይወለድ የሚያደርገው ነገር፣ ጊዜ ማጣት፣ የቤት ጥበት፣ ወጪና ብቸኝነት፣ ውሻንም ያርቃል። ልጁና ውሻው አንድ በር ላይ የቆሙ ሁለት ተጠባባቂዎች እንጂ አንዱ የሌላው ቀማኛ አይደሉም።

የዝምድናው ጥልቀት ከሁሉም በላይ የሚታየው በሞት ነው። የሞተውን ውሻ አስከሬን ለማዘጋጃ ቤት የጽዳት ክፍል ደውሎ በትንሽ ክፍያ ማስነሳት ይቻላል፤ ሕጉ በመሠረቱ እንደ ቆሻሻ ነው የሚያየው። ቤተሰቡ ግን ሌላ መንገድ ይመርጣል። ማቃጠያ ምድጃ የተገጠመለት መኪና ደጃፍ ድረስ ይመጣል፤ ወይም ቤተሰቡ በምዕራብ ቶኪዮ በቾፉ እንዳለው የጂንዳይጂ የእንስሳት መካነ መቃብር ወዳለ ቦታ ይሄዳል። እሳቱ ሲበርድ ዘመድ አዝማድ ቆሞ ልክ ለሰው እንደሚደረገው አጥንቱን በቾፕስቲክ እየለቀመ በትንሽ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ያስቀምጣል። ሠራተኛው የትኛው የጅራት፣ የትኛው የጥፍር አጥንት እንደሆነ በዝግታ ያስረዳል። ማሰሮው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ወደ ቤት ይመለሳል። እንደ እኛ አርባ ሁሉ 49ኛው ቀን ይታሰባል።

መነኮሳቱ በዚህ ላይ አንድ ቃል የላቸውም። በቡድሂስቶች ትምህርት እንስሳ የራሱ የሆነ የትውልድ እርከን አለው፤ ከሰው ጋር በአንድ መቃብር መቀበሩ ለሁለቱም አይበጅም የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ ሐዘንተኛውን ማጽናናት ይቀድማል ይላሉ። ገበያው ግን አልጠበቃቸውም፦ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሰውና ውሻ አብረው የሚያርፉበት መቃብር በይፋ ይሸጣል። የግብር ሰብሳቢውም ጥያቄ ነበረው። በአይቺ ግዛት የሚገኝ አንድ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ለእንስሳት የሚያደርገው ሥርዓተ ቀብር ሃይማኖታዊ ስለሆነ ግብር አይመለከተኝም ብሎ ተከራክሮ፣ የጃፓን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሴፕቴምበር 2008 ተመን ወጥቶለት ከንግድ ድርጅቶች ጋር የሚወዳደር አገልግሎት ነውና ይገብር ብሎ ወሰነ። ውሳኔው በሕግ ረገድ ያስኬዳል። ሆኖም አጥንቱን ቤት ወስዳ ጠዋት ጠዋት ውኃ ለምታስቀምጥለት አሮጊት ነገሩ ንግድ አለመሆኑ ግልጽ ነው።

የቤተሰቡ ፍቅር የውሻውን መነሻ ሳይጠይቅ መኖሩ የጃፓን ጉዳይ እጅግ የሚያሳምም ገጽታ ነው። በመደብሩ መስታወት ውስጥ የሚያንቀላፋው ቡችላ ከየት መጣ? አብዛኛው የሚመጣው ከአራቢ በሐራጅ አልፎ ነው። በ2021 በናጋኖ ግዛት ማጹሞቶ ከተማ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ውሾችን በተጨናነቀና በቆሸሸ ቦታ ያጎረ አራቢ ታሰረ፤ ያለ በቂ ማደንዘዣ ሆዳቸውን እየቀደደ ቡችላ ያወጣ እንደነበርም ተከሰሰ። በ2024 የተፈረደበት እስራት በገደብ የተያዘ ነበር። የዚያን ጓሮ ቡችሎች የገዙ ቤተሰቦች ግን ምናልባት በልደታቸው ቀን ኬክ ይጋግሩላቸው ይሆናል።

ሕጉ ባለበት አልቆመም። በ1973 የወጣው የእንስሳት ጥበቃ ሕግ በተደጋጋሚ ተሻሽሏል። ከ2012 ጀምሮ ቡችላን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ለዕይታ ማቅረብ ተከለከለ፤ ከ2013 ጀምሮ ማዘጋጃ ቤቶች በቂ ምክንያት ሳይኖረው ውሻውን ሊጥል የመጣን ባለቤት የመመለስ ሥልጣን አገኙ፤ ከ2021 ጀምሮ 56 ቀን ያልሞላው ቡችላ አይሸጥም፤ ከጁን 2022 ጀምሮ ሻጭ ማይክሮቺፕ ማስገባት ግዴታው ነው። በ1974 ከሚሊዮን በላይ የነበረው የተገደሉ ውሾች ቁጥር በቅርብ ዓመታት ከ2,500 በታች ወርዷል። ከዚህ የሚበልጥ የእንስሳት ደኅንነት ስኬት በሌላ አገር መፈለግ አድካሚ ነው። ለዚህ ውጤት ብዙ የደከሙት ደግሞ ከየማቆያው ሞት የተፈረደበትን ውሻ እያወጡ ቤታቸው የሚያስታምሙ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ቁጥሩ የማይነግረንም አለ። በሩ ማዘጋጃ ቤት ላይ ሲዘጋ የማይፈለገው ውሻ ሌላ መውጫ ተፈለገለት። በ2014 መገባደጃ በቶቺጊ ግዛት ወንዝ ዳርና ገደል ሥር በደርዘን የሚቆጠሩ ትናንሽ ውሾች ሞተው ተገኙ፤ ከአንድ አራቢ በገንዘብ የተረከባቸው ሰው ነበር የጣላቸው። ሌላም ሳይጠቀስ የማይታለፍ ቀዳዳ አለ። የ56 ቀኑ ሕግ ሲጸድቅ አኪታ፣ ሺባ፣ ኪሹ፣ ካይ፣ ሺኮኩና ሆካይዶ የተባሉት ስድስቱ ቅርስ የሆኑ የአገሩ ዝርያዎች ተለይተው ወጡ፤ አራቢው በቀጥታ ለገዢ እስከሸጠ ድረስ በ49 ቀናቸው ከእናታቸው ሊለዩ ይችላሉ። ቡችላ ከእናቱ ጋር የሚቆይበት ጊዜ ለጠባዩ ወሳኝ ነው ተብሎ ሕግ ከወጣ፣ ሃቺኮን ያፈራው ዝርያ ከዚያ ጥበቃ የሚቀርበት ምክንያት አሳማኝ አይደለም።

ከቤት ውጭ ሲወጣ ደግሞ የውሻው ማዕረግ ወዲያው ይወርዳል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ዕቃ ነው። በምሥራቅ ጃፓን ባቡር ድርጅት ባቡሮች ላይ በጓዝ ትኬት፣ ሙሉ በሙሉ በሚዘጋ ሣጥን ውስጥ፣ ከነሣጥኑ ከአሥር ኪሎ ሳይበልጥ ይጫናል። ድርጅቱ በሜይ 2022 ከኡዬኖ እስከ ካሩይዛዋ ውሾች ከሣጥን ወጥተው ከባለቤታቸው ጎን የተቀመጡበት የሺንካንሰን ጉዞ ሲሞክር ዜና የሆነው ለዚህ ነው። በጃንዋሪ 2 ቀን 2024 በሃኔዳ አውሮፕላን ማረፊያ ሁለት አውሮፕላኖች ሲጋጩ፣ በጃፓን አየር መንገዱ አውሮፕላን ላይ የነበሩት 379 ሰዎች ሁሉ ከእሳቱ ወጡ፤ ዓለም አደነቀ። በጭነት ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁለት የቤት እንስሳት ግን አለቁ። በማግሥቱ አገሪቱ ለሁለት ተከፈለች፦ ቤተሰቤን ለምን ከሻንጣ ጋር እንድጭን እገደዳለሁ የሚል ወገን በአንድ በኩል፣ ሁሉም ዕቃውን ጥሎ በመውጣቱ ነው ሰው የዳነው የሚል በሌላ በኩል። ስታርፍላየር የተባለው አነስተኛ አየር መንገድ በዚያው ወር አጋማሽ እንስሳትን በካቢን የመጫን አገልግሎቱን ወደ አገር ውስጥ በረራዎቹ ሁሉ አሰፋ። በአደጋ ጊዜ ግን እንስሳው ይቀራል፤ የሰው ሕይወት መቅደሙ ትክክል ነው። የተቀረው ጉዞ ግን ለሁሉም በጭነት ክፍል ጨለማ ውስጥ መሆን አልነበረበትም።

ከአውሮፕላኑ ይልቅ የመሬት መንቀጥቀጡ ይበልጥ ያሳስባል፤ ምክንያቱም ጃፓን ውስጥ መምጣቱ አይቀርም። በማርች 2011 ከፉኩሺማ የኒውክሌር ጣቢያ በ20 ኪሎ ሜትር ዙሪያ የነበሩ ነዋሪዎች ለጥቂት ቀን መስሏቸው ውሾቻቸውን አስረው ወጡ። መመለሻው ተዘጋ። ከሰንሰለታቸው ጋር በረሃብ የሞቱት ውሾች ምስል ለብዙ ጃፓናውያን ከራሱ ከጨረራው ያልተናነሰ ሕመም ነበር። የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር በ2013 ባወጣው መመሪያ ባለቤቶች ከእንስሳቸው ጋር አብረው እንዲሸሹ መከረ። አብሮ መሸሽ ግን አብሮ ማደር አይደለም። መጠለያ የሆነው የትምህርት ቤት አዳራሽ አለርጂ ያለበትን፣ ውሻ የሚፈራውን፣ እንቅልፍ ያጣውን ሁሉ ይይዛል፤ ብዙ መጠለያዎችም እንስሳውን ደጅ ያስቀራሉ። በጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ኖቶ ልሳነ ምድር ሲናወጥ ባለ ውሾች በብርድ በመኪናቸው ውስጥ ያደሩት ለዚህ ነው። በ2016 ኩማሞቶ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ የእንስሳት ሐኪሙ ቶኩዳ ርዩኖሱኬ ያደረጉት ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳያል። የ2011ን ጥፋት አይተው መንቀጥቀጥ እንዲቋቋም አድርገው ያሠሩትን ክሊኒካቸውን ከነውሾቻቸው ለመጡ ተፈናቃዮች ከፈቱ። አንድ የግል ሐኪም ያሰበውን ከተሞች አስቀድመው ማሰብ ይችላሉ፤ የሚያስፈልገው የተለየ ክፍልና የተለየ በር ነው።

የሚቀረው እርጅና ነው፤ በሁለቱም በኩል። አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ሺባ በሌሊት ያለምክንያት ይጮኻል፣ ክፍሉን እየዞረ ጥግ ላይ ይወሸቃል፣ የሽንት ጨርቅ ይደረግለታል። የሚያስታምመው ሰው ራሱ ሰባ አምስት ዓመቱ ነው። አረጋውያን ማቆያ ሲገቡ ውሻው የት ይግባ የሚለው በየሳምንቱ በማዘጋጃ ቤት የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች ጠረጴዛ ላይ የሚደርስ ጥያቄ ሆኗል። ዮኮሱካ ውስጥ በ2012 የተከፈተው ሳኩራ ኖ ሳቶ ያማሺና የተባለ የአረጋውያን መንከባከቢያ ሰዎች ከውሻና ከድመታቸው ጋር እንዲገቡ ይፈቅዳል። ከመገደል ተርፎ እዚያ ያደገው ቡንፑኩ የተባለ ውሻ በሞት አፋፍ ያሉ ነዋሪዎችን አልጋ እየመረጠ አጠገባቸው በመተኛቱ በመላ አገሪቱ ታውቋል። እንዲህ ያሉ ቤቶች ግን በጣም ጥቂት ናቸው።

ለተጣለ ውሻ አዲስ ቤት የሚፈልጉ ብዙ ማኅበራት ዕድሜያቸው ከ60 ወይም ከ65 ላለፈ አመልካቾች ውሻ አይሰጡም፤ ሥጋታቸው ውሻው ከባለቤቱ በኋላ ብቻውን ይቀራል የሚል ነው። ሥጋቱ እውነት ነው፤ ውጤቱ ግን ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውል፣ ለመራመድ ምክንያት የሚፈልግ፣ ትዕግሥት ያለው ሰው ከውሻ እንዲለይ ማድረጉ ነው። አንዳንድ ማኅበራት በቅርብ ዓመታት የሞከሩት መላ የተሻለ ይመስላል። ባለቤትነቱ በማኅበሩ ስም ይቆያል፤ አረጋዊው ውሻውን እያበላ፣ እያወጣ አብሮት ይኖራል። ሲታመም ወይም ሆስፒታል ሲገባ ማኅበሩ ውሻውን መልሶ ይረከባል። የሚሰጡትም ብዙውን ጊዜ ያረጁ፣ ሌላ ሰው የማይፈልጋቸው ውሾች ናቸው። የጃፓን ማዘጋጃ ቤቶች ለአረጋውያን እንክብካቤ ከሚመድቡት ገንዘብ ላይ ትንሹን ለዚህ ቢያውሉት ሁለት ጎን የሚጠቅም ሥራ ይሆናል። እስካሁን ግን ሸክሙ ያለው በበጎ ፈቃደኞቹ ትከሻ ላይ ነው፤ የሐኪሙንም ሒሳብ በአብዛኛው የሚከፍሉት እነሱ ናቸው።